ከግመል ደም እስከ ሕፃን ሳንባ፦ ናኖቦዲ ምን ያድናል? ምን አያድንም?

ዘንድሮ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ስለ ሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ስንማር አንዱ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ አያቴ የግመል ወተት የማያድነው በሽታ የለም ትላለች። በስልክ የሚዞር ቪዲዮ ላይ ደግሞ ከግመል ደም የቫይረስ መድኃኒት ተሠራ ሲሉ ሰማሁ። አያቴ ልክ ናት ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የቪዲዮው ወሬ ግማሹ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ልጁ ታሞበት መድኃኒት የሚፈልግ ወላጅን ሊያሳስት ይችላል። ያን ቀን ደወሉ ቀደመኝና መልሱን ሳልጨርስ ወጣሁ። እዚህ ልጨርሰው።

በመጀመሪያ በክፍል የተማርነውን እናስታውስ። በደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ ፕሮቲኖች ናቸው። ቅርጻቸው ዳስ ሲጣል እንደሚተከለው ባላ ነው፦ ከታች አንድ ግንድ፣ ከላይ ሁለት ቅርንጫፍ። ዋናው ሥራ ያለው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነው። ቁልፍ ለራሱ ቀዳዳ ብቻ እንደሚገጥም ሁሉ የእያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል ጫፍም የሚገጥመው ለአንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው። የኩፍኝ ቫይረስን የሚይዘው የጉንፋንን አይዝም።

ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም፤ የግድ ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። ለመግባት ደግሞ በላዩ ላይ ያሉትን እሾህ መሰል ፕሮቲኖች በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። ፀረ እንግዳ አካሉ ቀድሞ እሾኩ ላይ ከተጣበቀ ቫይረሱ ከበር ውጭ ይቀራል። «ከበር ውጭ» የሚለውን ቃል ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፀረ እንግዳ አካልን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው በመድኃኒትነት መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። በ1890 በርሊን ውስጥ ኤሚል ፎን ቤሪንግ እና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በሽታውን መቋቋም ከቻለ እንስሳ የተወሰደ የደም ሴረም ሌላውን እንስሳ ከቴታነስ እንደሚጠብቅ አሳዩ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኘው በሴረም ሕክምና ሥራው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬም በእባብ ለተነደፈ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው ከፈረስ ሴረም የሚዘጋጅ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ የሚሠሩት ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ከእንስሳ ሕዋስ ይመረታሉ፤ ዋጋቸው ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በመርፌ ነው የሚሰጡት።

ከማቀዝቀዣ የወጣ የግመል ደም

አሁን ወደ ግመሏ እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በብራስልስ በሚገኘው የፍራይ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ሬይሞንድ ሃመርስ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት ነበራቸው። ሥራው ከደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን አጥርቶ ማውጣት ነው። ወቅቱ ኤች.አይ.ቪ. ዓለምን ያስፈራበት ጊዜ ስለነበር ተማሪዎቹ በሰው ደም መሥራት አልፈለጉም። ለዚህ ብለው አይጥ መግደልም አልወደዱም። በቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ለእንቅልፍ በሽታ ጥናት መጥቶ የተረፈ የግመል ሴረም ነበር። በእሱ ሥሩ ተባሉ።

የሁላችንም ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል የፕሮቲን ሰንሰለቶች ተጣምረው የሚሠሩት ነው። የባላው ቅርንጫፎች ጫፍም ከከባዱና ከቀላሉ በጋራ ይሠራል። ከግመሏ ሴረም ይህ የተለመደው ዓይነት ወጣ። ነገር ግን ከጎኑ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ዓይነትም ነበረ፦ ቀላል ሰንሰለት የሌለው፣ ከባዶቹ ሁለቱ ብቻ የቆሙበት። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ናሙናው ተበላሽቷል» ብሎ ነው። ቡድኑ ግን ውጤቱን አልጣለውም፤ ከሌሎች ግመሎች ደም ደግሞ አየ፤ በላማም አገኘው። በ1993 ግኝቱ ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። በተግባር ትምህርት ጊዜ «ቲቸር፣ የኔ ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመም» እያላችሁ ውጤታችሁን የምትሰርዙ ልጆች፣ ይህን ታሪክ ለእናንተ ስል ነው ያስረዘምኩት።

ቀላሉ ሰንሰለት ስለሌለ የግመሏ ባላ ጫፍ ብቻውን ይሠራል። ይህን ጫፍ ብቻ ቆርጠን ብንወስደው፣ ከግንዱም ከቅርንጫፉም ለይተን ማለት ነው፣ አሁንም ቫይረሱን ይይዛል። ናኖቦዲ የሚባለው ይህ የተቆረጠ ጫፍ ነው። የተለመደው ፀረ እንግዳ አካል ክብደት ወደ 150,000 ዳልተን ሲሆን የናኖቦዲ ግን ወደ 15,000 ነው፤ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ቁመቱ 4 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ማነሱ ምን ይጠቅማል? ቫይረሶች ዋና ዋና ክፍሎቻቸውን በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሸሽገው የሚይዙበት ጊዜ አለ። ትልቁ ፀረ እንግዳ አካል እዚያ ለመግባት አይመቸውም። ናኖቦዲ ግን ትንሽ ከመሆኑም ሌላ ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ጣት መሰል ክፍል ስላለው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ማለፉ ለማይቻል ነገር የሚነገር ምሳሌ ነበር፤ የግመል ፕሮቲን ግን እያለፈ ነው።

ሌላው ጥንካሬው ነው። ሙቀትን ከብዙ ፕሮቲኖች በተሻለ ስለሚቋቋም በኔቡላይዘር ተንኖ በመተንፈሻ በኩል ሊሰጥ ይችላል። አሠራሩም ቀለል ያለ ነው፤ ውድ የእንስሳ ሕዋስ ሳያስፈልግ በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ይመረታል። እናቶቻችን ሊጥ ከሚያቦኩበት እርሾ ጋር የሚዛመድ ፍጥረት በትልቅ ጋን ውስጥ መድኃኒት ሲያመርት አስቡት።

ችግርም አለው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ደም ውስጥ ሲገባ ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ አጣርቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወይ ከሰው ፀረ እንግዳ አካል ግንድ ጋር ይቀጥሉታል፣ ወይም አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ተጣብቆ እንዲቆይ ያደርጉታል።

እንዴት ይሠራል?

ቪዲዮው እንደሚያስመስለው የግመል ደም በጠርሙስ ተሞልቶ ለበሽተኛ አይሰጥም። ለግመሏ ወይም ለላማዋ የሚወጋት በሽታ የማያስይዝ የቫይረስ ፕሮቲን ነው፤ ክትባት እንደማለት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእንስሳዋ ትንሽ ደም ይወሰድና እሷ ወደ መንጋዋ ትመለሳለች። ከነጭ የደም ሕዋሷ የፀረ እንግዳ አካሉ ጫፍ የተጻፈበት የዘር መልእክት ይወጣና ፋጅ በሚባሉ፣ ባክቴሪያን ብቻ በሚያጠቁ ቫይረሶች ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ፋጅ አንድ ዓይነት ናኖቦዲ በላዩ ተሸክሞ ይወጣል። ይህ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስብስብ የምንፈልገው የቫይረስ ፕሮቲን በተለጠፈበት ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ይታጠባል። የማይገጥመው በውሃ ይሄዳል፤ የገጠመው ተጣብቆ ይቀራል። ጤፍ በወንፊት እንደሚነፋ ደጋግሞ ሲሠራ በመጨረሻ ጥሩ ጥሩዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ይህን የፋጅ ዘዴ ለፈጠረው ጆርጅ ስሚዝ እና ለፀረ እንግዳ አካል ሥራ ላዋለው ግሪጎሪ ዊንተር በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል።

የሳይንቲስቱን ስም የምትጋራ፣ ዊንተር የምትባል ላማም አለች። ቤልጂየም ውስጥ ትኖር ነበር። በ2016 የሳርስና የመርስ ኮሮና ቫይረሶች እሾህ ፕሮቲን ተወጋች። ያኔ ኮቪድ የሚባል በሽታ አይታወቅም ነበር። ከእሷ ከተገኙት ናኖቦዲዎች አንዱ የመጀመሪያውን የሳርስ ቫይረስ ይይዝ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ የጌንት እና የቴክሳስ ኦስቲን ተመራማሪዎች አዲሱ ቫይረስ ላይ ሞከሩት፤ ያዘው፣ ግን ደከም ብሎ። ሁለቱን ቀጥለው ባለ ሁለት ጫፍ ሲያደርጉት በቤተ ሙከራ ቫይረሱን ሕዋስ እንዳይገባ አገደው። ውጤቱ በ2020 ሴል በተባለው መጽሔት ታተመ። ተማሪዬ ያየው ቪዲዮ መነሻው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ «በቤተ ሙከራ አገደው» እና «በሽተኛውን አዳነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

በር ላይ መያዝ እና ቤት ውስጥ መያዝ

አር.ኤስ.ቪ. የተባለውን ቫይረስ ብዙ ወላጆች በስሙ አያውቁትም፤ በሥራው ግን ያውቁታል። ልጅ መጀመሪያ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደረቱ ማፏጨት ይጀምራል፤ የጎድን አጥንቱ ሥር እየጎደጎደ በችግር ይተነፍሳል፤ ጡት መጥባት ያቅተዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ ሕፃን ከስንት አንድ ነው። አብዛኞቹ በቀላሉ ያልፋሉ። በዓለም ላይ ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በዓመት ወደ 100,000 የሚጠጉ በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእኛ ዓይነት አገሮች ያሉ ናቸው።

በቤልጂየም ጌንት የሚገኘው አብሊንክስ የተባለ ኩባንያ፣ «ናኖቦዲ» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፣ ለዚህ ቫይረስ መድኃኒት ሠራ። ሦስት ናኖቦዲዎችን አንድ ላይ ቀጥሎ በኔቡላይዘር እንዲሳብ አደረገው። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነበር፦ መርፌ የለም፣ ኩላሊት አያስወጣውም፣ መድኃኒቱ በቀጥታ በሽታው ያለበት ሳንባ ይደርሳል። ሆስፒታል ገብተው በተኙ ሕፃናት ላይ ተሞከረ። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ሌሎቹ ማስመሰያውን እንዲያገኙ ሳይሆን፣ ከማስመሰያው ሌላ መድኃኒቱም በተለያየ መጠን ተሰጥቶ ነበር የተነጻጸረው።

ውጤቱ በ2021 ታተመ። ናኖቦዲው የታዘዘውን አድርጓል፤ በመተንፈሻ አካላቸው ያለው ቫይረስ ማስመሰያ ካገኙት ሕፃናት ይልቅ ቶሎ ቀንሷል። ሕፃናቱ ግን ቶሎ አልዳኑም። የአተነፋፈሳቸውና የአመጋገባቸው መሻሻል ከሌሎቹ አልተለየም። መድኃኒቱም ወደፊት አልሄደም።

ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ዝምታ ሆነ። ቫይረሱ ከቀነሰ ለምን አልዳኑም? አንዲት ተማሪ መልሱን አገኘችው፦ «ዘግይቶ ነዋ!» ሕፃኑ ሆስፒታል በሚደርስበት ሰዓት ቫይረሱ ሥራውን በአብዛኛው ጨርሷል። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች አብጠዋል፤ በሞቱ ሕዋሳትና በአክታ ተደፍነዋል። አሁን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ራሱ ያስነሳው እብጠትም ነው። ናኖቦዲ ቫይረሱን ይይዛል እንጂ እብጠት አያወርድም፣ አክታም አይጠርግም። ሌባን በር ላይ መያዝና ቤቱ ከተዘረፈ በኋላ ጓዳ ውስጥ መያዝ አንድ አይደለም። «ከበር ውጭ» የሚለውን ያዙት ያልኳችሁ ለዚህ ነበር።

ይህን ግምት የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለ። ኒርሴቪማብ የተባለ የተለመደ ዓይነት፣ ባለ ግንድና ባለ ቅርንጫፍ ፀረ እንግዳ አካል ለዚሁ ቫይረስ በ2022 በአውሮፓ፣ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሚሰጠው ግን ለታመመ ሳይሆን ለጤነኛ ሕፃን ነው፤ የበሽታው ወቅት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ተወግቶ ለአምስት ወር ያህል ይጠብቃል። እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የሚይዙት አንድ ቫይረስ ነው። ትልቁ ልዩነት ከሕፃኑ ጋር የተገናኙበት ጊዜ ነው።

ለታመመ ሰው ተሰጥቶ የጠቀመ ናኖቦዲ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ በሮታ ቫይረስ ተቅማጥ ለታመሙ ሕፃናት ከላማ የተገኘ፣ በእርሾ የተመረተ ናኖቦዲ በአፍ ተሰጥቷል። በ2013 እንደተዘገበው ሮታ ብቻ በነበረባቸው ሕፃናት የሚወጣው የተቅማጥ መጠን በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። የበሽታው ቆይታ ግን አላጠረም፤ ሕፃናቱም እንደ ማንኛውም የተቅማጥ ሕመምተኛ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ያስፈልጋቸው ነበር። ትንሽ ድል ናት፤ ቢሆንም ለደከመ ሕፃን ከሰውነቱ የማይወጣ እያንዳንዱ ጭልፋ ውሃ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል የሮታ ክትባት በኢትዮጵያ ከ2013 ጀምሮ ለሕፃናት በመደበኛነት ይሰጣል። እዚህም ቀድሞ በር የሚዘጋው ክትባቱ ነው።

ሌላው ፈተና የቫይረሱ መለዋወጥ ነው። ናኖቦዲ የሚይዘው አንዲት ትንሽ ቦታ በመሆኑ ያቺ ቦታ ከተለወጠች ቁልፉ አይገጥምም። በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን ሲመጣ ብዙ የኮቪድ ፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች ከጥቅም ውጭ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚሞከረው የተለያየ ቦታ የሚይዙ ሁለት ሦስት ናኖቦዲዎችን መቀጠል ነው፤ ትንሽነታቸው ለዚህ ይመቻል። ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ለቫይረስ በሽታ በመደበኛ ሕክምና የተፈቀደ ናኖቦዲ የለም። በ2018 የመጀመሪያው ሆኖ በአውሮፓ የተፈቀደው ካፕላሲዙማብ ነው፤ እሱም የሚታከመው በቫይረስ ሳይሆን ከባድ የደም መርጋት በሽታ የያዘው ሰው ነው።

የአያት ወተት

አሁን ወደ አያታችን። ከዓለም ግመሎች ትልቁን ድርሻ የያዘው የእኛው አካባቢ ነው፤ በአፋርም፣ በሶማሌም፣ በቦረናም፣ በሰሜን ኬንያም ግመል የቤተሰብ ሕይወት ናት። ይህችው ግመል መርስ የተባለውን ኮሮና ቫይረስ ትሸከማለች። ቫይረሱ በሰው ላይ የታወቀው በ2012 በሳውዲ አረቢያ ሲሆን፣ በበሽታው ተይዘው ከተመዘገቡት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተዋል። ግመሏን ግን ቀለል ያለ ጉንፋን ነው የሚያስይዛት። ከሶማሊያ በ1983 ተወስዶ ተቀምጦ በነበረ የግመል ሴረም ውስጥ እንኳ የዚህ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ከተከተቡ ግመሎች የአጥንት መቅኔ ያወጡትን ናኖቦዲ ከሰው ፀረ እንግዳ አካል ግንድ ጋር ቀጥለው አይጦችን ከመርስ መጠበቁን አሳይተዋል። አንዲቱ እንስሳ ቫይረሱንም መከላከያውንም ይዛ ትገኛለች ማለት ነው።

ታዲያ ወተቷስ? በግመል ወተት ውስጥ ቀላል ሰንሰለት የሌላቸው ፀረ እንግዳ አካላት በእርግጥ አሉ። ነገር ግን የሚይዙት ግመሏ ያገኛትን ተህዋስ ነው እንጂ ልጃችሁን የያዘውን አይደለም። ብዙ ፕሮቲን በሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ወተት ጠጥተን ወደ ሳንባ የምናደርሰው ፀረ እንግዳ አካል የለም። የዳካው ናኖቦዲ የሠራው ለሮታ ተለይቶ፣ ተመርጦና በመጠን ተሰጥቶ፣ ያውም በሽታው አንጀት ውስጥ ስለነበረ ነው። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ ያስይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመርስ ምክንያት ጥሬ የግመል ወተት እንዳይጠጣ ይመክራል። ልጅ ደረቱ እያፏጨ፣ የጎድኑ ሥር እየጎደጎደ ሲተነፍስ ወተት ፍለጋ የሚባክን ሰዓት መኖር የለበትም፤ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዬ ካስረዳሁት በኋላ ትንሽ አሰበና፣ «አያቴ ግን ሁልጊዜ ሻይ ውስጥ አፍልታ ነው የምትሰጠኝ» አለኝ። ሻይ ከሆነ እንኳን እሱ፣ እኔም ብጋበዝ እምቢ አልልም አልኩት።